ቀብዱ በማን እጅ ነው? የሙዚቃ ሥራ አገናኞችና የኤጀንሲ ፈቃድ ጥያቄ

ጥምቀት ካለፈ በኋላ ባሉት ሳምንታት በኮምቦልቻና በደሴ ስልኩ የማያርፍ ሰው አለ። ዘፋኝ አይደለም፤ ኪቦርድ አይነካም፤ ማሲንቆም አይመታም። ሰርግ የደገሰ ቤተሰብ ይደውልለትና «አንድ ወንድ ዘፋኝ፣ አንዲት ሴት፣ ኪቦርድ ከነሳውንድ ሲስተሙ» ይለዋል። ዋጋ ይነግራቸዋል፤ ቀብድ ይቀበላል፤ ቀጥሎ ለዘፋኞቹ ደውሎ «ለቅዳሜ ሥራ ይዤላችኋለሁ» ይላቸዋል። በሰርጉ ማግስት ቀሪውን ሒሳብ ይረከባል፤ የራሱን ድርሻ ያነሳና የተረፈውን ያከፋፍላል። ቤተሰቡ ለዘፋኞቹ ስንት እንደደረሳቸው አያውቅም፤ ዘፋኞቹም ቤተሰቡ ስንት እንደከፈለ አያውቁም። ሁለቱንም ሒሳብ የሚያውቀው መሀል ላይ ያለው ሰው ብቻ ነው።

ይህ ሰው ብዙ ስም አለው። ደጋሹ ደላላ፣ ዘፋኙ ማናጀር፣ የሆቴሉ ባለቤት ፕሮሞተር ይለዋል። ራሱን ሲያስተዋውቅ «ኢቨንት ነው የምሠራው» ይላል። የንግድ ፈቃድ ካወጣም ፈቃዱ የማስታወቂያና የፕሮሞሽን፣ የዝግጅት አዘጋጅነት ወይም የድምፅ መሣሪያ ኪራይ ሊሆን ይችላል። ሥራው ግን ሲታይ ለሰው ሥራ መፈለግ፣ ለሥራም ሰው ማቅረብ ነው። ለዚህ ዓይነቱ አገልግሎት ደግሞ አገራችን የራሱ ሕግና የራሱ ፈቃድ አላት፤ የሥራና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲ ፈቃድ ይባላል። ታዲያ ለዘፋኝ፣ ለተወዛዋዥና ለሙዚቀኛ መድረክ የሚፈልግ ሰው ይህን ፈቃድ ማውጣት አለበት?

ኮምቦልቻ ላይ «ኤጀንሲ» ሲባል ሰው የሚያስበው ሌላ ነገር ነው። አንደኛው ወደ ዓረብ አገር የሚልክ ቢሮ ነው፤ ደቡብ ወሎ ልጆቹን ለዓመታት ወደ ሳዑዲ ዓረቢያና ወደ አካባቢው አገሮች የሸኘ ምድር ስለሆነ ቃሉን ከፓስፖርትና ከሻንጣ ለይቶ አያየውም። ሁለተኛው ለፋብሪካ፣ ለባንክና ለሆቴል ጥበቃና ጽዳት የሚያቀርብ ድርጅት ነው። የጨርቃ ጨርቅና የቢራ ፋብሪካ ባለባት፣ ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮም የኢንዱስትሪ ፓርክ ባላት ከተማ ይህኛውም እንግዳ አይደለም። የሰርግ ዘፋኝ የሚያመጣው ሰው ከነዚህ ሁለቱ ጋር በአንድ መዝገብ ይግባ ሲባል ለጆሮ ይከብዳል። ጥያቄው ግን ሊታለፍ የማይገባው ነው፤ በመልሱ ላይ የአንዲት ተወዛዋዥ ደመወዝ፣ የሌሊት ደኅንነቷና ገንዘቧን የተቀበለላት ሰው ተጠያቂነት ተንጠልጥሏል።

ከአዝማሪ እስከ ኪነት

በአገራችን ዘፋኝና ሰሚ ለረጅም ዘመን ያለ አገናኝ ይገናኙ ነበር። አዝማሪው ማሲንቆውን አንግቶ ድግስ ወዳለበት ይሄዳል፤ ሽልማቱ በግንባሩ ላይ ይለጠፋል ወይም በእጁ ይጨበጣል። ላሊበላዎቹም ጎህ ሳይቀድ ከየደጁ ቆመው ያዜማሉ፤ የሚሰጣቸውን ራሳቸው ይቀበላሉ። ወሎ ለአገሪቱ ሙዚቃ ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች ለሁለቱ፣ ለባቲና ለአምባሰል፣ የቦታ ስሟን ያዋሰች ምድር ናት። ያ ሁሉ ዜማ ያለ ውልና ያለ ኮሚሽን ነው ከቀዬ ወደ ቀዬ የተሻገረው።

ሦስተኛ ወገን የገባበት አንድ የታወቀ ታሪክ የአርባ ልጆች ታሪክ ነው። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ የሰሟቸውን 40 ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች ከአርመን ፓትርያርክ አስፈቅደው ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው፤ አሠልጣኛቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር። ስለ ሙዚቀኞቹ የተነጋገሩት አስመጪውና አሳዳጊያቸው እንጂ ሙዚቀኞቹ አልነበሩም።

ከዚያ በኋላ መድረኩን መንግሥት ያዘው። በ1927 ዓ.ም. ሀገር ፍቅር ተመሠረተ፤ በ1948 ዓ.ም. ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተከፈተ፤ የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስና የጦር ሠራዊት ኦርኬስትራዎች ተደራጁ። ዘፋኙ ወይ ወታደር ወይ የመንግሥት ደመወዝተኛ ነበር። አለቃው መሥሪያ ቤቱ ስለሆነ በመሀል አገናኝ የሚገባበት ክፍተት አልነበረም።

ክፍተቱ የመጣው በ1960ዎቹ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የሆቴልና የክበብ ባንዶች በረከቱ። አምሃ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. አምሃ ሪከርድስን ሲከፍት ሸክላ የማሳተሙ ሥራ ከመንግሥት እጅ ወጣ። በዚያ ጊዜ የክበብ ሙዚቀኛውን ጠፍሮ የያዘው ነገር መሣሪያው ነበር፤ ጊታሩም ኦርጋኑም የክበቡ ባለቤት ንብረት ስለሆነ ሙዚቀኛው ከባለቤቱ ጋር ሲጣላ ባዶ እጁን ይወጣል። ዋልያስ ባንድ የራሱን መሣሪያ ገዝቶ ወደ ሂልተን ሆቴል ሲሄድ ትልቅ እርምጃ የሆነው ለዚህ ነው። መሣሪያው የራሱ የሆነ ባንድ ዋጋውን ራሱ ይናገራል። ይህን ነጥብ እንያዘው፤ ወደ ሕጉ ስንመጣ ይፈለጋል።

ከ1966ቱ ለውጥ በኋላ ኪነት በየክፍለ ሀገሩና በየቀበሌው ተደራጀ። ደሴ ላይ የወሎ ላሊበላ የኪነት ቡድን እንደ ማሪቱ ለገሠ ያሉ ድምፆችን ለአገር አሰማ። ያም መድረክ የመንግሥት ነበርና ዘፋኙን ለተመልካች የሚያቀርበው ራሱ መንግሥት ነበር። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ግን ኪነቱ እየተበተነ፣ ካሴትና የምሽት ክበብ እየበዛ፣ የሰርግ ባንድ የተለመደ ነገር እየሆነ መጣ። የቀድሞው አለቃ ሲነሳ ቦታውን የያዘው ዛሬ የምናየው የስልክ ሰው ነው።

ሕጉ ማንን ኤጀንሲ ይላል?

በደርግ ዘመን ሥራ ፈላጊ የመንግሥት ካርድ አውጥቶ ወረፋ ይጠብቅ ነበር። ከዚያ በኋላ የግል አገናኞችን የሚገዛ ሕግ ደረጃ በደረጃ ወጣ፦ በ1990 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 104፣ በ2001 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 632፣ ለውጭ አገር ስምሪት በ2008 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 923ና በ2013 ዓ.ም. ማሻሻያው አዋጅ ቁጥር 1246። የአገር ውስጡን ጉዳይ ዛሬ የያዘው በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ነው።

በነዚህ ሕጎች ኤጀንሲ ማለት ከሠራተኛው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ክፍያ ሳይቀበል ከሁለቱ አንዱን የሚሠራ ሰው ነው። አንደኛው በቅጥር ውሉ ውስጥ ሳይገባ ሥራ ፈላጊንና ሥራን ያገናኛል። ሁለተኛው ሠራተኛውን ራሱ ቀጥሮ ለሌላ ድርጅት ያሰማራል። የመጀመሪያው በሰፈር አነጋገር አገናኝ ነው፤ ሁለተኛው ጥበቃ አቅራቢ እንደምንለው ነው። በትርጉሙ ውስጥ ዘፋኝ፣ ተወዛዋዥ ወይም ሙዚቀኛ ተለይቶ አልወጣም። አልተጠቀሰምም። ክርክሩ የሚጀምረው ከዚህ ዝምታ ነው።

ኤጀንሲ የሚያገናኘው ሠራተኛን ከአሠሪ ጋር ነው። ስለዚህ መጀመሪያ መታወቅ ያለበት ዘፋኙ ሠራተኛ መሆን አለመሆኑ ነው። አዋጅ 1156 የሥራ ውል የሚለው ሰው በአሠሪው መሪነት፣ ለተወሰነ ወይም ላልተወሰነ ጊዜ ወይም ለተወሰነ ሥራ፣ በደመወዝ ለመሥራት ሲስማማ ነው። በአንቀጽ 3 ደግሞ ዋጋ እየተከፈለው በራሱ የንግድ ሥራ ወይም በራሱ የሙያ ኃላፊነት የሚሠራን ሰው ከአዋጁ ውጭ ያደርገዋል። የሰርግ ባንድ ያለው እዚህ ድንበር ላይ ነው።

አንድ ሰው፣ ሦስት ቀን

ነገሩ ቀርቦ እንዲታይ አንድ አገናኝ እናስብ፤ ሳምንቱን እንከተለው።

ሰኞ ዕለት ኮምቦልቻ ውስጥ ያለ የምሽት ክበብ ይደውልለታል። ክበቡ የሚፈልገው በየምሽቱ የምትዘፍን ሴት ነው፤ በወር ደመወዝ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት፣ ልብሱን ክበቡ መርጦ፣ የዘፈኑን ዝርዝር ክበቡ አጽድቆ። አገናኙ አንዲት ልጅ ከደሴ ያመጣል። ይህች ልጅ «አርቲስት» ተብላ ብትጠራም የሰዓቷ፣ የልብሷና የዘፈኗ ጌታ ክበቡ ነው፤ ማይኩም ስፒከሩም የክበቡ ነው። ሠራተኛ ናት ብሎ መከራከር ቀላል ነው። ሠራተኛ ከሆነች ደግሞ ያመጣት ሰው ያደረገው ሠራተኛና ሥራ ማገናኘት ነው፤ የኤጀንሲው ፈቃድ ጥያቄ እዚህ ላይ ጠንካራ ነው።

ረቡዕ ዕለት አንድ ሆቴል ለባህል ምሽት ስምንት ተወዛዋዦች ይጠይቀዋል። አገናኙ የራሱ ቡድን አለው። ልጆቹን የሚያሠለጥነው፣ ደመወዝ የሚከፍለው፣ ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ የሚያሰማራው እሱ ነው። ሆቴሉ የሚዋዋለው ከእሱ ጋር ነው። የጥበቃ ድርጅት ዘበኛውን ለባንክ እንደሚያሰማራው ሁሉ እሱም ተወዛዋዡን ለሆቴል አሰማርቷል። ከሕጉ ሁለተኛ ፈርጅ ጋር የሚመሳሰለው ይህ ነው። «እኔ የማቀርበው ትርኢት እንጂ ሠራተኛ አይደለም» ብሎ ሊከራከር ይችላል፤ ክርክሩ የሚጸናው መድረኩን፣ አልባሳቱንና ፕሮግራሙን በእርግጥ እሱ የሚመራ ከሆነ ነው። ሆቴሉ ልጆቹን እንደ ራሱ ሰው የሚያዛቸው ከሆነ ግን ክርክሩ ይላላል።

ቅዳሜ ሰርግ ነው። ባንዱ የራሱ ኪቦርድ፣ የራሱ ሳውንድ ሲስተም፣ የራሱ ዋጋ አለው። ለአንድ ሌሊት ተስማምቶ ይጫወታል፤ መሣሪያው ቢበላሽ ኪሳራው የራሱ ነው። ይህ በራስ የሙያ ኃላፊነት የሚሠራ ሥራ ነው፤ ደጋሹም አሠሪ አይደለም። እዚህ ላይ አገናኙ ደላላ ወይም ወኪል ነው። ድለላ በ2013 ዓ.ም. በተተካው የ1952ቱ የንግድ ሕግ በነጋዴዎች ዝርዝር ውስጥ የተጠቀሰ ሥራ ነበር፤ ውክልና ደግሞ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ከአንቀጽ 2199 ጀምሮ በሰፊው ተደንግጓል። የኤጀንሲ ፈቃድ ለዚህ ሥራ አይገጥምም።

እንግዲህ አንድ ሰው በአንድ ሳምንት ውስጥ በሦስት የሕግ ፈርጅ ሥር አለፈ። ደላላ፣ ማናጀር ወይም ፕሮሞተር መባሉ ምንም አይለውጥም። መታየት ያለባቸው ሦስት ነገሮች ናቸው፦ አርቲስቱን ማን ያዛል፣ አገናኙን ማን ይከፍላል፣ ገንዘቡ በማን እጅ ያልፋል።

የኮሚሽኑ ቋጠሮ

ሁለተኛው ጥያቄ፣ አገናኙን ማን ይከፍላል የሚለው፣ ነገሩን ያጠብቀዋል። በሙዚቃው ዓለም አገናኝ የሚኖረው ከአርቲስቱ ገቢ በሚያነሳው ድርሻ ነው። ኤጀንሲ ደግሞ ከሠራተኛው ምንም እንዳይቀበል በትርጉሙ ላይ ተጽፏል። ስለዚህ «ሁሉም ፈቃድ ያውጣ» ማለት በክበብ ሥራ ላይ «ኮሚሽኑን ከልጅቷ አትውሰድ፣ ከክበቡ ጠይቅ» ማለት ነው። ፈቃድ እንዲወጣ የሚጠይቁትም የሚቃወሙትም ብዙ ጊዜ ይህን አያነሱትም።

ይህ ክልከላ ከየት መጣ? የዓለም የሥራ ድርጅት በ1997 እ.ኤ.አ. ያጸደቀው ስምምነት ቁጥር 181 የግል ኤጀንሲዎች ከሠራተኛ ክፍያ እንዳይጠይቁ ይደነግጋል፤ ኢትዮጵያ ስምምነቱን በ1991 ዓ.ም. አጽድቃለች። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ሥራ የሚፈልግ ሰው ከሁሉ የደከመ ተደራዳሪ ነውና ሥራ ለማግኘት ሲል ገና ካልተቀበለው ደመወዝ ላይ እንዳይከፍል ነው። ይኸው ስምምነት በአንቀጽ 7 አንድ በር ይከፍታል፦ ሥልጣን ያለው አካል ከአሠሪዎችና ከሠራተኞች ማኅበራት ጋር ተመካክሮ ለተወሰኑ የሠራተኛ ዓይነቶች ልዩ ሁኔታ ሊፈቅድ ይችላል። በብዙ አገሮች በዚህ በር የገቡት አርቲስቶች ናቸው።

ምክንያቱ ከሥራው ጠባይ ይመነጫል። የፋብሪካ ሠራተኛ አንዴ ተገናኝቶ ለዓመታት ይሠራል። ዘፋኝ ግን በየሳምንቱ አዲስ ሥራ ይፈልጋል፤ ሁዳዴና ረመዳን ሲገቡ ገበያው ይቀዘቅዛል፤ ጥርና ከፋሲካ በኋላ ያሉት ሳምንታት ይሞቃሉ። አገናኙ ዓመቱን ሙሉ ስሙን ይዞለት ይዞራል፤ ፖስተር ያሠራል፤ ይደራደርለታል። ይህ ድካም ዋጋ አለው። ሌላም አንድ ነገር አለ፤ ስፖንሰር የሚያደርግ ድርጅት ወይም ድግስ የሚያዘጋጅ መሥሪያ ቤት ሕጋዊ ደረሰኝ ይፈልጋል። ብዙ ዘፋኝ ደረሰኝ የለውም። አገናኙ አንዳንዴ ከሥራው በላይ የሚሸጠው ደረሰኙን ነው።

ቀብድ ሲያከራክር

ሦስተኛው ጥያቄ፣ ገንዘቡ በማን እጅ ያልፋል የሚለው፣ ችግር ሲመጣ ነው የሚታየው። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ስብሰባ ሲከለከል የተያዙ ሰርጎች ተሰረዙ። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ሰው ቤቱን ትቶ ወጣ። ከ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ወዲህ በክልሉ ያለው ግጭት የሌሊት እንቅስቃሴን ሲያውክ ቆይቷል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ደጋሹ «ቀብዴን መልስ» ይላል፤ ዘፋኙ «ቀኑን ዘግቼ ሌላ ሥራ አልያዝኩም» ይላል፤ ብሩ ያለው ግን ከሁለቱም ዘንድ አይደለም።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ ስለ ቀብድ ግልጽ ነው። በአንቀጽ 1883 ቀብድ መስጠት ውል ለመደረጉ ማስረጃ ነው። በአንቀጽ 1885 ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ ሰጪው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ ተቀባዩ ቢተው ግን እጥፉን ይመልሳል። አሁን ይህን በሰርጉ ላይ እናስቀምጠው። ለአብነት ቤተሰቡ 20,000 ብር ቀብድ ለአገናኙ ሰጠ እንበል። ዘፋኙ በተሻለ ዋጋ ሌላ ሰርግ ይዞ ቀረ። እጥፉን፣ 40,000 ብር፣ የሚመልሰው ማን ነው? አገናኙ በራሱ ስም ከተዋዋለ እሱ ነው። በዘፋኙ ስም ተዋውሎ ከሆነ ግን ዘፋኙ ይጠየቃል፤ ቀብዱ በእጁ ደርሶ ባያውቅም። በስልክና በቃል በሚሠራ ገበያ ውስጥ አገናኙ በማን ስም እንደተዋዋለ የሚያሳይ ወረቀት የለም። ወኪል ለወከለው ሰው የተቀበለውን ሁሉ የማስታወቅና ሒሳብ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ ግዴታው የሚሠራው ግን ወኪል መሆኑ ሲታወቅ ነው።

የሠራተኛነት ጥያቄ በዕድሜም ላይ ይወድቃል። አዋጅ 1156 ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ይከለክላል፤ ከ15 እስከ 18 ዓመት ያሉትን ደግሞ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራት አይፈቅድም። የ16 ዓመት ተወዛዋዥ በምሽት ክበብ ሠራተኛ ከተባለች ይህ ጥበቃ ይደርስላታል። «በራሷ ኃላፊነት የምትሠራ አርቲስት» ከተባለች ግን በዚህ አዋጅ በኩል አይደርስላትም። «አርቲስት» የሚለው የክብር ስም ልጅን ከጥበቃ ማስወጫ እንዳይሆን መፍራት ተገቢ ነው።

ባሕር ሲሻገር

ሥራው ከአገር ሲወጣ ጉዳዩ ይከብዳል። አንድ ፕሮሞተር ስመ ጥር ዘፋኝን ለሦስት ኮንሰርት ወደ ዋሽንግተን ሲወስድ የሚያየው ሕግ በዋናነት የአሜሪካ ነው። ለባህል አርቲስቶች የተለየ ጊዜያዊ ቪዛ አለ፤ ማመልከቻውን የሚያስገባውም እዚያ ያለ አሠሪ፣ አዘጋጅ ወይም ወኪል ነው። ዘፋኙ ሥራውን ጨርሶ ይመለሳል።

አንዲት ወጣት ተወዛዋዥ ለስድስት ወር በባሕረ ሰላጤው አገር በሚገኝ ሆቴል እንድትሠራ የሚልካት ሰው ግን ሌላ ነው። ይህ የውጭ አገር ሥራ ስምሪት ነው፤ በሻንጣዋ ውስጥ የወሎ ቀሚስና ጌጥ መኖሩ የሥራውን ጠባይ አይለውጠውም። አዋጅ 923 የውጭ ስምሪት ኤጀንሲ ለሠራተኞች መብት ማስከበሪያ 100,000 የአሜሪካ ዶላር ወይም ተመጣጣኙን ብር ዋስትና እንዲያስይዝ የጠየቀው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ልጆች ባሕር ማዶ ደመወዝ ሲከለከሉ፣ ፓስፖርት ሲነጠቁ ያየ አገር ያወጣው ሕግ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1178ም ሰውን ለሥራ በሕገወጥ መንገድ ወደ ውጭ መላክን በወንጀል ይቀጣል። በዚህ ክፍል ለሙዚቃ የተለየ ምሕረት ሊኖር አይገባም።

ሌሎች እንዴት ፈቱት?

ክርክሩ የእኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ግዛት ለአርቲስት ሥራ የሚያፈላልግ ሰው ከሥራ ኮሚሽነሩ ፈቃድ ማውጣት አለበት፤ ሕጉ በ1978 እ.ኤ.አ. ዛሬ የሚታወቅበትን ስም ያዘ። «እኔ ማናጀር ነኝ፤ አማካሪ እንጂ ሥራ አፈላላጊ አይደለሁም» የሚለው ክርክር እስከ ግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ በ2008 እ.ኤ.አ. የሰጠው ውሳኔ ማዕረግ አያድንም የሚል ነበር፤ ማናጀርም ቢሆን ሥራ ካፈላለገ ሕጉ ይመለከተዋል። ሆኖም ያለ ፈቃድ የተሠራው ክፍል ከውሉ ተነጥሎ ሕጋዊው ክፍል ሊጸና እንደሚችልም ወስኗል። ኒውዮርክ ሌላ መንገድ ያዘች፤ ዋና ሥራው ማስተዳደር ሆኖ ሥራ ማፈላለጉ አጋጣሚ ብቻ የሆነን ማናጀር ነጻ አወጣች።

ብሪታንያ በ1973 እ.ኤ.አ. ያወጣችው ሕግ ኤጀንሲዎችን ፈቃድ ያስወጣ ነበር፤ በ1995 እ.ኤ.አ. ፈቃዱን አስቀረች። በምትኩ በ2003 እ.ኤ.አ. የሥነ ምግባር ደንብ አወጣች። ከሠራተኛ ክፍያ መውሰድ እንደተከለከለ ነው፤ ለአርቲስቶችና ለጥቂት ሙያዎች ግን ተፈቅዷል። ወኪሉ ለአርቲስቱ የተቀበለውን ገንዘብ ከራሱ ገንዘብ ጋር ሳይቀላቅል በተለየ የባንክ ሒሳብ ማስቀመጥ አለበት። ብሪታንያ ፈቃዱን ትታ ገንዘቡን ጠበቀች።

ለእኛ የሚበጀው

የሠራተኛ ሕግ በሕገ መንግሥቱ የፌዴራል ጉዳይ ነው፤ አፈጻጸሙ ግን በየከተማው ይወርዳል። ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ላይ አንድ አገናኝ «የት ልመዝገብ?» ብሎ ቢነሳ የንግድ ጽሕፈት ቤቱ፣ የሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤቱና የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቱ እያንዳንዳቸው የጉዳዩ ቁራሽ አላቸው። ሙሉውን የያዘ ግን የለም።

የሰርግ ዘፋኝ የሚያገናኘውን ሰው ጥበቃና የቤት ሠራተኛ ለሚልክ ድርጅት በተሰፋ ፈቃድ ማስገባት ትክክል አይመስለኝም። ፈቃዱ ለትንሹ አገናኝ ከአቅሙ በላይ ከሆነ ሥራውን አይተወውም፤ ከእይታ ይሰወራል። የሚጎዳውም ዘፋኙ ነው። በሌላ በኩል «ጥበብ ነው፣ ሕግ አያገባውም» ብሎ መተው ክበብ ውስጥ በወር ደመወዝ የምትሠራውን ልጅ ያለ ጠባቂ መተው ነው።

ስለዚህ ሕጉ በሥራው ጠባይ ይለይ። በወር ደመወዝ፣ በክበቡ ትእዛዝ ለሚሠራ አርቲስት ሰው የሚያቀርብ የኤጀንሲ ፈቃድ ያውጣ፤ ዋጋውንም ከክበቡ ይቀበል። ወደ ውጭ አገር ለሥራ የሚልክ ያለ ምንም ልዩነት በስምሪት ሕጉ ይመራ። በአንድ ሌሊት ዋጋ ለሚሠሩ ባንዶችና ዘፋኞች ግን ቀላል ምዝገባ ይበቃል፤ ስምምነት 181 በከፈተው በር ኮሚሽን ተፈቅዶ ጣሪያ ይበጅለት፤ ቀብድ በተለየ ሒሳብ ይቀመጥ። ይህን ለመወሰን ጉዳዩ የሚመለከተው ሚኒስቴር ከሙዚቀኞች ማኅበራትና ከአሠሪዎች ጋር መቀመጥ አለበት፤ ስምምነቱም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።

አዲስ ሕግ እስኪወጣ መጠበቅ የማያስፈልገው ነገርም አለ፤ አንድ ገጽ ውል ነው። በላዩ ላይ የሚጻፉት ጥቂት ነገሮች ናቸው፦ ደጋሹ የሚከፍለው ሙሉ ዋጋ፣ የአገናኙ ድርሻ፣ ቀብዱን የያዘው ሰው ስም፣ ሰርጉ ቢሰረዝ ቀብዱ የማን እንደሚሆን፣ በመድረክ ላይ የሚለጠፈው ሽልማት የዘፋኟ ወይም የባንዱ መሆኑ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት በኋላ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ቤቷ የሚያደርሳት መኪና የማን እንደሆነ። ሦስት ቅጂ፣ ሦስት ፊርማ። ደጋሹ ቀብዱን ከመቁጠሩ በፊት «ወረቀቱስ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ዘፋኟም ማይኩን ከመያዟ በፊት የራሷን ቅጂ ቦርሳዋ ውስጥ ብትከት፣ ሁለቱን ሒሳብ የሚያውቀው ሰው አንድ መሆኑ ያበቃል።